የአባባ የሳሙና አረፋ

ፌብሯሪ 4፣ 2014፣ ማክሰኞ ጠዋት

አረፋው እንዲጠነክር የጨመርኩትን ስኳር አበዛሁት መሰለኝ፤ የሳሙናው ውኃ ወፍሯል። ይሁን። ውጭው ከዜሮ በታች፣ ንፋስ የለም። አባቴ ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሩ ጋ ቆመዋል። ሰማንያ ሊሞላቸው ነው፤ ችኮላቸው ግን የልጅ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ማስታወሻዬ። በረዶ ላይ በብርድ የደረቀ የሳሙና አረፋ ስልኬ ላይ አይቼ ነገርኳቸው። ወደዚህ አገር ሳይመጡ በፊት አዲስ አበባ ስንት ዓመት ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። አረፋ ደግሞ ቁጭ ብሎ ፎቶ ይነሳል እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም።

ጓሮ ወጣን። ነፋሁ። አረፋው በረዶው ላይ አረፈ፣ ከሥሩ ነጭ ላባ የመሰለ የበረዶ ቅርጽ ማውጣት ጀመረ። አባባ ለማየት ጎንበስ አሉ። ትንፋሻቸው ነካው፣ ፈነዳ። ሌላ ነፋሁ። እንደዚያው። ካልቀረቡ አያዩም፤ ከቀረቡ ይፈነዳል። እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ ሌላ እነፋለሁ።

ረቡዕ፣ ከሥራ መልስ

ሃቫና ስትሪት ካለው ሥጋ ቤት ሥጋ ልገዛ ቆሜ እንኳ የአባባ የዓይን ክሊኒክ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የጠፋው የዓይን ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውም እየሄደ ነው አለ። አስተርጓሚዋ እኔ። የዓይን ጠብታውን ካላቋረጡ ይሻልዎታል ብሏል አልኳቸው። አፌ እንዴት እንደዞረ! እሳቸው ደስ ብሏቸው የሐኪሙን እጅ ጨበጡ።

ልጅ ሆኜ ፎቶ ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ውስጥ የታጠበውን ፎቶ በልብስ መቆንጠጫ እሰቅልላቸው ነበር። ቀይ መብራት፣ የመድኃኒት ሽታ፣ የሁለታችን ዝምታ። የተበላሸ ፎቶ ለደንበኛ አይሸፋፍኑም ነበር፤ አልወጣም፣ ነገ ይመለሱ ነው የሚሉት። ያ ጨለማ ክፍል ናፈቀኝ። እንዴት እንደናፈቀኝ!

ሐሙስ ጠዋት

ዛሬ ዘዴ ፈጠርን። እሳቸው ራቅ ብለው ካሜራውን ይይዛሉ፣ እኔ አረፋው አጠገብ ተንበርክኬ ጊዜውን እነግራቸዋለሁ። ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። ነፋሁ። ላባው ወጣ፣ ተስፋፋ፣ ላይ ተገናኘ። አሁን አልኩ። እሳቸው ተጫኑ።

ሮጬ የካሜራውን ስክሪን አየሁ። ጓንቴ፣ በረዶ፣ ከአረፋው ደብዛዛ ጫፍ ብቻ። እንዴት ነው ሲሉኝ በጣም ያምራል አልኩ። ስለ ላባው፣ ስለ ብርሃኑ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እጄ ሲጫን ተንቀጥቅጧል» አሉ ሳይቆጡ። «ያየሽውን ነው የነገርሽኝ፤ ያነሳሁትን አይደለም።»

ስክሪኑን አጠፋሁት።

«ሐኪሙስ ምን ነበር ያለው?» አሉ።

ነገርኳቸው። ሳልቀንስ፣ እያለቀስኩ። ከዚያ በእጃቸው ትከሻዬን ፈልገው ያዙና ሌላ እንድነፋ አዘዙኝ።

ለስልክ ብዬ ነው ወደ ቤት የገባሁት። ሥራ ደውዬ ዛሬ አልመጣም አልኩ። ከእንግዲህ የሚባለውን ሁሉ እንደተባለ ነው የምነግራቸው። እየጠሩኝ ነው፣ ልውጣ።