የአባ ጥያቄ ካሴት

እሁድ፣ ሰኔ 8 ቀን

ይድረስ እህትሽ ዘንድ ርቀሽ ለሰነበትሽው ባለቤቴ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ ካላየ አያማርርም። የጓሮው ቧንቧ ማንጠባጠቡን ትቷል። ጠገንኩት ብዬ እንዳልኩራራ፣ ውኃው ስለጠፋ ነው።

በስልክ ያዘዝሽኝን፣ የልጃችንን የልጅነት ካሴት፣ ወደ ኮምፒውተር ገልብጫለሁ። “አምና ከቀበርነው ወዲህ ስለ እሱ አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣችም፤ ካሴቱን እንኳ ላክልኝ” ብለሽ ስልኩን ስትዘጊው ገብቶኛል። ትተሽኝ የሄድሽውም በዚሁ ነው። እኔ ዝም አይነቅዝም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር።

የቪዲዮ ዴኩን ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ቢጫውን፣ ነጩንና ቀዩን ገመድ ከጀርባው ሰክቼ፣ ጎረቤታችን ኮምፒውተር ጠጋኙ ባዋሰኝ ማገናኛ ከኮምፒውተሩ ጋር አያያዝኩት።

“ጋሼ፣ ካሴቱ ከዳር እስከ ዳር መጫወት አለበት። እየተጫወተ ነው የሚቀዳው። አጠገቡ ሆነው ይጠብቁት፣ ክሩ አርጅቷል” አለኝ።

በሩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። አባ ጥያቄ ልጃችን ጫማውን ግራና ቀኝ አዛውሮ ተጫምቶ፣ ካሜራ ወደያዝኩት ወደ እኔ እየተንደረደረ፣ “አባዬ፣ ዓሣ ይተኛል? አባዬ፣ ጨረቃ ሲነጋ የት ትገባለች?” ይላል። እንደዚያ ሲጠይቅ ነው ያለቀው። ወደ ኋላ ላጠንጥነው ስል ዴኩ ክሩን በላው። ጠጋኙ ፈልቅቆ ሲያወጣው ብጥስጥሱ ወጥቷል። አዝናለሁ፤ ያለን የተቀዳው ብቻ ነው።

ጠጋኙ የተቀዳውን ከፍቶ ካዳመጠ በኋላ አንገቱን አቀረቀረ።

“ጋሼ፣ ድምፁን ከየት እንደሚወስድ አልመረጡለትም። ኮምፒውተሩ በገመድ የመጣውን ትቶ፣ በራሱ ማይክ የክፍሉን ድምፅ ነው የቀዳው። ልጁ ከስፒከሩ ራቅ ብሎ ይሰማል። የእርስዎ ግን ይጎላል።”

“የእኔ ምን?”

“ያወሩት ነዋ።”

ማውራቴን አላወቅሁም ነበር። የእኔን ብቻ አውጣልኝ ብዬ ብጠይቀው፣ አይሆንም፣ የእርስዎ ከጠፋ የልጁም አብሮ ይጠፋል አለ። ስለዚህ እንዳለ ልኬልሻለሁ።

ስትከፍችው ለልጁ ጥያቄ ሁሉ መልስ የሚሰጥ ሽማግሌ ትሰሚያለሽ። ዓሣ ዓይኑን ሳይከድን ይተኛል ይለዋል። ስለ ጨረቃም የማያውቀውን ይቀባጥራል። ወደ ማለቂያው ልጁ፣ “አባዬ፣ እማዬ የት ሄደች?” ይላል። ያን ዕለት ዳቦ ልትገዢ ወጥተሽ ነበር። ከዚያ ጥያቄ በኋላ የሚሰማው ልቅሶ የእኔ ነው።

ጤናና ብርታት ይስጥሽ። እህትሽንም ይባርክልኝ።

ባለቤትሽ