ያለ ጭብጨባ፦ የዘፋኙ የኦሊንዶ ማራንጎን የሕይወት ታሪክ

ኦሊንዶ ማራንጎን ከአባታቸው ከቪርጂኒዮ ማራንጎንና ከእናታቸው ከኤርሚኒያ ክሬፓልዲ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1947 በፖ ወንዝ ዳር በዚህችው በቦስካሬላ ተወለዱ። አዋላጇ በሩን ገርበብ አድርጋ «ልጁ አያለቅስም» ስትል፣ አባታቸው ሕፃኑ ሞቷል ማለቷ መሰላቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ የሐዘን ደወልም አስደወሉ። አዋላጇ ግን ዝምተኛ ልጅ ነው ማለቷ ነበር። ለለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች ሕፃኑን ጡት ሲጠባ ሲያገኙት አጨበጨቡ።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚሁ ሲከታተሉ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋች አኮርዲዮን ተማሩ። በ1966 ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት የስኳር ፋብሪካ ስለተዘጋ ትምህርታቸውን አቋርጠው ተመለሱ።

በመዝጊያው ዕለት ሥራ አስኪያጁ በጭነት መኪና ላይ ቆመው፣ ፋብሪካው የሚዘጋው ለሠራተኛው ጥቅም መሆኑን በጥሩ አነጋገር አስረዱ። ሠራተኛው አጨበጨበ። ኦሊንዶ ከአጥሩ ውጪ ሆነው አባታቸው የፈላ ስኳር ባቃጠላቸው እጆቻቸው ሲያጨበጭቡ አዩ።

በ1974 ሚላኖ ውስጥ «የሚያጨበጭቡ ሰዎች» የተሰኘውን ብቸኛ አልበማቸውን አሳተሙ። በውስጡ ባሏ ከሞተ በኋላም ለሁለት ሰው ሳህን የምታቀርብ ሴት አለች፤ ሰላምታውን እንደ ሰዉ ኪስ የሚመጥን መድኃኒት ሻጭ አለ። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን እንጀራውን ለሚነጥቀው ሰው ስለሚያጨበጭብ ከተማ ነው፤ ዜማው ግን ያስጨፍራል። ጋዜጦች አወደሱት። ቦስካሬላም ወደደችው፤ የወደደችው ግን ከወንዙ ማዶ ስላሉት ሰዎች የተዘፈነ መስሏት ነው። ስለ ማን እንደተዘፈነ በትክክል የገባቸው ማዶዎቹ ብቻ ነበሩ።

ቡና ቤት ውስጥ አባታቸው ብርጭቆ አንሥተው «የኔ ልጅ ነው! እነዚያ ማዶዎች እኮ ቢዘርፏቸውም ያጨበጭባሉ!» ይሉ ነበር።

«አንተ ቪርጂኒዮ፣ ልጅህ ድምፁን ከእናቱ ነው ያመጣው» ይላል የቡና ቤቱ ባለቤት። «አንተማ ስትዘፍን ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቆሙ።»

ኦሊንዶ አጠገባቸው ተቀምጠው የአባታቸውን እጆች ያዩ ነበር።

በ1976 በቅዱስ ሮኮ በዓል በከተማው አደባባይ ዘፈኑ። ሰዉ እየሳቀ አብሮ ሲዘፍን ጊታራቸውን አቁመው፣ «ማዶዎቹ አይደሉም። ስለ እናንተ ነው። ስለ አባቴም ነው» አሉ። ከኋላ አንዱ «አይ አንተ ኦሊንዶ! ቀልድህ አያልቅም እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ አደባባዩም በጭብጨባ ተናወጠ። ከፊት የተቀመጡት አባታቸውም አጨበጨቡ፤ ከሌሎቹ ግን ቀድመው አቆሙ። በዚያው ክረምት ዐረፉ። አባትና ልጅ ስለዚያ ምሽት አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ኦሊንዶም ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ አልወጡም።

በ1978 ከልብስ ሰፊዋ ከኢዴልማ ፓቫን ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ሚሬላን ወለዱ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሙዚቃ መምህር ሆነው አገለገሉ። በክፍላቸው ውስጥ ማጨብጨብ ክልክል ነበር። ባለቤታቸው «ለኔ ሾርባም ጭብጨባ የለም ማለት ነው?» እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ «ሳህኑን አታይውም እንዴ፣ ኢዴልማ? ጠርጌ በልቼዋለሁ» ብለው ይመልሱ ነበር።

በ2009 ከተማዋ በመግቢያዋ ላይ የእንኳን ደህና መጣችሁ ሰሌዳ አቆመች። በላዩ የተጻፈው «እንደኛ ያለ ሕዝብ ከየት ይገኛል?» የሚለው የዚያው ዘፈናቸው ስንኝ ነው። ለምረቃው ተጋብዘው አልሄዱም። ከዚያ ወዲህ ከከተማ ሲወጡም ሆነ ሲገቡ በወንዙ ግድብ መንገድ ነበር የሚዞሩት።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የካቲት 12 ቀን 2019 በሰባ አንድ ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ኢዴልማ፣ ልጃቸው ሚሬላና ይህን ታሪክ የጻፈች አንዲት የልጅ ልጃቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ዝም ብለው የመጡትን እግዚአብሔር በሰላም ይቀበላቸው፤ በዚህ ያጡትን አድማጭ በዚያ ይስጣቸው።

በከተማችን አስከሬን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ማጨብጨብ ልማድ ነው። ኦሊንዶ በመጨረሻ ሳምንታቸው ቤተሰቡን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ስወጣ ማንም እንዳያጨበጭብ። አንድ ጊዜ እንኳ ይስሙኝ» አሉ።

ትናንት ማታ፣ በቀብሩ ዋዜማ፣ ለመቁጠሪያ ጸሎት ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሚሬላ ይህን ቃላቸውን ለሁሉም ተናገሩ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ሚሬላ ተናግረው ሲጨርሱ፣ ሁሉም ከተቀመጠበት ተነሥቶ አጨበጨበ።