የእህቴ ዛፍ ሽታ

ሰኔ 9

ጠዋት ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ። ከሰዓት የአንዲት ሙሽራ ደንበኛዬን ቀሚስ መስኮቱ አጠገብ ሰቅዬ ጠርዙን ስሰፋ ያ ሽታ ገባ። በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ! የእህቴ የቼስትነት ዛፍ አበበ ማለት ነው። እንደ ክር የሚንጠለጠለው አበባው ምን እንደሚሸት... ያደረ ዓሣ ልበል? እርጥብ ካልሲ? ሁለቱንም። የኔም ቼስትነት ጥቂት ቀን ዘግይቶ ያብባል፣ ግን እንደሷ ሰፈር አይበክልም። ቆልተን የምንበላው ፍሬም ቢሆን የኔ ነው ፍሬ! የሷ ኮረት የሚያክል፣ ለመላጥ እንኳ የማይመች።

አባባ ሁለቱን ችግኝ በአንድ ቀን ነው የተከላቸው። አንዱን በስሜ፣ አንዱን በስሟ። እሱ ካለፈ በኋላ ግቢው ለሁለት ሲከፈል ግንቡ በመሃላቸው አለፈ።

ሙሽራዋ ልትለካ መጣች። ቀሚሱን አሸተተችና አፍንጫዋን ያዘች። በቃ፣ ደሜ ፈላ።

ሰኔ 10

ትናንት በግንቡ በላይ እህቴ ላይ ጮህኩባት። "ይሄ ዛፍሽ ደንበኛ አሳጣኝ! ወይ እሱ ወይ እኔ! ቤቱን ሸጬ እሄድልሻለሁ!" ልብስ እያሰጣች ነበር። መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች ቀና ብላ ዛፉን አየችው።

እንዲህ ስታይ ታስፈራኛለች። ልጅ ሆነን እማዬ "እስክመጣ ከዚህች ንቅንቅ እንዳትዪ" ብላት ገበያ ሄደች። ዝናብ መጣ። ሁላችንም ቤት ገባን፣ እሷ እዚያው ቆማ በሰበሰች። ከዚያ ወዲህ አባባ "ቃል በቃል" ይላት ነበር። ቅጽል ስሟ ሆኖ ቀረ።

ይቅርታ ልበላት እንዴ? ነገ... ደግሞ ታውቀኛለች እኮ። አፌ እንጂ ልቤ ምንም የለበትም።

ሰኔ 12

ቆረጠችው።

የመጋዝ ጩኸት ሰማሁ። ጎረቤት በር የሚያሠራ መስሎኝ ስፌቴን ቀጠልኩ። ከዚያ ጓ! መሬቱ ተናወጠ። መቀሱን ጥዬ ወጣሁ። ዛፉ በነበረበት በኩል ሰማይ ብቻ... ሰማይ ብቻ!

"እንዴ! ምን ነክቶሽ ነው?"

"አንቺ ከምትሄጂ እሱ ይሂድ" አለችኝ። በቃ ይሄው ነው። ከዚያ ዞራ መጋዝ ለያዘው ሰውዬ ግንዱን የት እንደሚያስቀምጥ አሳየችው።

ክው አልኩ። የአባባን ዛፍ! እኔ ሸተተ አልኩ እንጂ ቁረጪው አልኩ? ወይ እሱ ወይ እኔ... አልኩ ለካ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ እሰማ ነበር።

ሰኔ 13

ሙሽራዋ ቀሚሷን ወሰደች። "ዛሬስ ምንም አይሸትም!" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ነሐሴ 20

ከእህቴ ጋር በግንቡ ላይ ሰላም እንባባላለን። ስለ ዛፉ ትንፍሽ የሚል የለም። የኔው ዛፍ ላይ የፍሬዎቹ እሾሃማ ሽፋኖች ዘንድሮ ትንንሽ ናቸው። ዝናቡ ይሆን?

ጥቅምት 2

መርገፍ ጀመሩ። ቅርጫቴን ይዤ ወጣሁ። አንዱን በጫማዬ ረግጬ ፈለቀቅኩት። ባዶ። ሌላውን... ባዶ። ውስጡ ያለው ቆዳ ብቻ፣ እንደ ኮት ቁልፍ ጠፍጣፋ። ዛፉ ሥር ያለውን በሙሉ ፈለቀቅኩ፣ ጣቴ ደማ። አንድም ፍሬ የለም! እንዴት አንድ እንኳ?

ጥቅምት 4

ጥቂቱን በፌስታል ይዤ ችግኝ ሻጩ ጋ ሄድኩ። "ምን በሽታ ገባበት?" አልኩት።

አገላብጦ አየው። "ጤነኛ ነው። ብቻውን ነው እንዴ?"

"ብቻውን ቢሆንስ?"

"ቼስትነት ለብቻው አያፈራም። ከሌላ ቼስትነት የአበባ ዱቄት ሊደርሰው ይገባል። ያ ሽታው የሚያስቸግር አበባ አለ አይደል? ከሱ ነው። አጠገቡ ሌላ ዛፍ አልነበረም?"

ጆሮዬ ጭው አለ። ፌስታሌን ቋጥሬ ወጣሁ።

መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም። በየዓመቱ ፍሬዬን ቆልቼ በሰሃን ሳቀብላት "ያንቺ ዛፍ እኮ አይረባም" እላት ነበር። እሷም "እውነትሽን ነው" ትለኝ ነበር። ለካ የኔ ዛፍ የሚያፈራው በሷ ዛፍ ነው! አባባ ይሄን ያውቅ ነበር? ለዚህ ነው ሁለት የተከለው? አሁን ማንን እጠይቃለሁ...

ጥቅምት 5

ልነግራት ሄድኩ። ከሰኔ ወዲህ ግቢዋ ገብቼ አላውቅም። ጉቶው አጠገብ ተንበርክካ አገኘኋት፣ የአትክልት መቀስ ይዛ። ከጉቶው ዙሪያ ለጋ ቅርንጫፍ ወጥቷል፣ ቅጠሉ ለምለም። እየቆረጠች ትጥለዋለች!

"ምን እያደረግሽ ነው?"

ብድግ አለች። "አትቆጪ እትዬ። እምቢ ብሎ እየበቀለ አስቸገረኝ። ሳይሸት እቆርጠዋለሁ፣ አታስቢ።"

ክረምቱን ሙሉ! ዛፉ አልሞትም ሲል፣ እሷ በየሳምንቱ... ለኔ ብላ! መቀሱን ነጠቅኳት። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ባዶው ፍሬ ልነግራት ነበር የመጣሁት። ጠፋኝ። አለቀስኩ።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?" አልኳት። "ቤቱን እሸጣለሁ ስልሽ... የምርሽን ነው ወይ ብትይኝ ምን ነበረበት?"

የተቆረጡትን ቅጠሎች በእጇ ትሰበስብ ጀመር።

"አዎ ብትዪኝስ?"

ሰኔ 9

ሰኔ ገባ። ምንም አይሸትም። ልብሶቼ የሚሸቱት ሳሙና ብቻ ነው፣ ሳሙናውን ጠላሁት።

ከጉቶው ሦስት ቅርንጫፍ ተውን። ግንቡን አልፈዋል፣ ከማሽኔ ፊት ለፊት ይታዩኛል። ችግኝ ሻጩ ለማበብ ገና ዓመታት ይፈልጋሉ ብሏል። የኔ ዛፍ ዘንድሮም ባዶ ነው የሚሆነው። ይሁን።

ማምሻውን ቃል በቃል በግንቡ ብቅ አለች።

"እትዬ፣ ሲያድግ ግን ይሸታል እኮ።" ከልቧ ነው፣ ፊቷ ጭንቅ ብሎታል።

"ካልሸተተማ ቤቱን ሸጬ እሄዳለሁ" ልላት ቀልዱ ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት።

"ይሽተት" አልኳት። "የትም አልሄድም።"