ለዓለምጸሃይ ያልፈላ ወተት

ይድረስ በጀርባዬ አዝዬ ላሳደግሁህ፣ ዛሬ ባሕር ተሻግረህ ለራቅህብኝ ለወንድሜ ለተክላይ።

እንደምን አለህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ደረትህን ይዞ ያስልህ የነበረው ብርድ ለቀቀህ ወይ? እንቅልፍህስ? ግላስጎው ዝናቡ አያባራም ብለህ የጻፍኸውን ለእማማ ሳነብላት፣ «እንዲህ ከሆነማ ልጄ በቅሎ ይጠብቀኛል እንጂ መቼ ተምሮ ይመጣል» ብላ አሳቀችን። የላክሁልህን ሹራብ ትለብሰዋለህ ወይስ እንደ ልማድህ ለሰው ሰጠኸው? ሰላምታዬ ከጊዮርጊስ ደጅ ተነሥቶ እስከ ደጅህ ይድረስ። እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ ግን አልጽፍልህም፣ ውሸት ይሆንብኛል።

ባለፈው ደብዳቤህ «እህቴ ሆይ፣ ነገሩን ለእግዚአብሔር ተይው» ብለኸኝ ነበር። አንብቤ፣ አጥፌ፣ ከስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። አልተውሁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደግሞስ ምክርህ የደረሰኝ ከወተት መፈተኛው ዱቄት ጋር በአንድ ጥቅል ነው። በአንድ እጅህ ተይ እያልህ በሌላው ጦር ያቀበልኸኝ አንተ ነህ፣ ስለዚህ የሆነውን እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ።

እማማ በሰው እጅ ያጻፈችልህ ግማሹን ብቻ ነው፤ እንዳያስደነግጥህ ብላ። ዓለምጸሃይ ልጄ ሆዷ እየተነፋ፣ እግርና እጇ እየቀጠነ ነው ከእጄ ላይ ያለቀችው። ሐኪሙ የሆድ ነቀርሳ ነው፣ ሳንባ የሚይዘው ዓይነት፣ ከላም ወተትም ይመጣል አለኝ። ጥሬ ወተት ትጠጣ ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ተቆጣሁት። እኔ ለልጄ ጥሬ ወተት! ወተቷን የምገዛው ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርዱ ካለው ከአቶ መርሻ ወተት ቤት ነበር። ጠርሙሱ የላም ሥዕል አለው፣ አፉ በቆርቆሮ ታሽጓል፣ ሆዱ ላይ «የፈላ ንጹሕ ወተት» ተብሎ ተጽፏል። ታሽጎ፣ ፈልቶ የመጣን ነገር መልሶ የሚያፈላ ማን አለ? ዓለምጸሃይ ግጥም አድርጋ ትጠጣና፣ አንዲት ጠብታ እንዳልቀረ ለማሳየት ብርጭቆዋን በራሷ ላይ ገልብጣ ትስቅ ነበር። ይህንን አንተ አላየህባትም። ያን ጊዜ ሄደህ ነበር።

ከቀብሯ በኋላ ወተት ቤቱ ድረስ ሄጄ አቶ መርሻን ጠየቅሁት። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ በጊዮርጊስ ስም ምሎ፣ የእኔ ወተት ሁልጊዜ የፈላ ነው አለኝ። ሕመሙ የመጣው ከእንጦጦ ሥር በቅል ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች ወተት ነው አለ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እነዚያ ሴቶች እኮ ወተታቸው ጥሬ መሆኑን ራሳቸው ነው የሚናገሩት። «አፍልተሽ አጠጪ» ይሉሻል። እሱ ግን በዘበኛ ከድልድዩ አባረራቸው። ያን ዕለት ከወተት ቤቱ ስወጣ፣ ይህን ሰው ሳላዋርድ የሐዘን ከሌን አላወልቅም ብዬ ለራሴ ማልሁ።

አሁን ወደ አንተ ሥራ ልመለስ። የመድኃኒት ቅመማ ትምህርትህን ስታስረዳኝ ብዙ ጊዜ አሹፌብሃለሁ። በዓይን የማይታይ ነገር በልክ ትሠራለህ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብዬሃለሁ። ይቅር በለኝ፣ ላሚቱም ወተቱም ተገኙ። ኢንዛይም ያልኸውን እኔ መቀስ ብዬ ነው የያዝሁት። ጥሬ ወተት ውስጥ ከላሚቱ የመጣ መቀስ አለ፣ ወተቱ በደንብ ሲሞቅ መቀሱ ይበላሻል። አንተ ደግሞ ቢጫ ቀለም ወስደህ በዚያ መቀስ ብቻ በሚቆረጥ ክር ሰፋኸው። ክሩ እስካለ ቀለሙ አይታይም፣ መቀሱ ሲያገኘው ይፈታና ቢጫ ይሆናል። አንተ ባለህበት አገር ወተት ቤቶች የቆየ ብልሃት ነው፣ «የእኔ ክር ግን ቶሎ ይቆረጣል» ብለህ ጽፈህልኛል። የልብስ ሰፊ ወንድም መሆንህ ያስታውቃል።

ዱቄቱ የደረሰኝ በሁዳዴ ነው። እንዳልኸው አፍልቼ ባቀዘቀዝሁት ውኃ በጠበጥሁት፣ በትንንሽ ብልቃጦች ከፋፈልሁት፣ ከመርሻ ጠርሙስ ወተት ጠብ አደረግሁበት። የሰውነት ሙቀት ይፈልጋል ስላልኸኝ ብልቃጦቹን በብብቴ ይዤ ልብስ ስሰፋ ዋልሁ። ባለቤቴ መብራህቱ ከቢሮ ሲገባ፣ «ዕንቁላል ታቀፍሽ እንዴ?» አለኝ። አውጥቼ አሳየሁት። አፍልቼ የሞከርሁት ወተት እንደ ነጣ ነው፣ የመርሻው ቢጫ ሆኗል። መብራህቱ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። በማግስቱም፣ በሣልስቱም ከመርሻ ቤት ያስመጣሁት ሁሉ ቢጫ ሆነ። አልጮህሁም፣ አላለቀስሁም። ተክላይ፣ ደስ ነው ያለኝ። የማሳድደውን አወቅሁት።

ለደንበኞቼ አንድ በአንድ አሳየሁ። ወሬው ፒያሳን ዞሮ ቸርችል ጎዳና ካሉት ሆቴሎች ደረሰ። ያን ጊዜ መርሻ ሽማግሌ ላከብኝ። ስሜን አጠፋችው፣ ቢሆንም ስለ ሟቿ ሕፃን ስል እርቅ እፈልጋለሁ አለ አሉ። የነፍስ አባታችን አባ ወልደሥላሴ ናቸውና የመጡት እምቢ ማለት አልቻልሁም። ለዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ በቤቴ ይሁን አልሁ። ሚስቱም ወይዘሮ ጽጌ ይምጡ፣ የልጅ ልጃቸውንም ይዘው ይምጡ አልሁ። ሙሉዓለም ትባላለች፣ ዓለምጸሃይ ብትኖር እኩያዋ ነበረች። ክፉ ናት በለኝ፣ ሆን ብዬ ነው ያስጠራኋት።

ጠዋት ከመርሻ ሁለት ጠርሙስ ወተት አስገዛሁ። አንዱን እንደ ታሸገ ተውሁት። ሁለተኛውን ፈርኔሎ ላይ ጥጄ፣ ገንፍሎ እስኪፈስ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ መልሼ በራሱ ጠርሙስ ገለበጥሁትና ቆርቆሮውን ደፋሁበት። ሲያዩአቸው መንታ ናቸው።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። መርሻ ከበሩ አጠገብ፣ ጽጌ ልጅቷን በጭኗ ላይ አድርጋ ከጎኑ ተቀመጠች። የታሸገውን ጠርሙስ በፊታቸው ከፍቼ ጥቂቱን ዱቄቱ በተበጠበጠበት ብልቃጥ ቀዳሁና በብብቴ ያዝሁት። አባ ስለ ይቅርታ ረዘም አድርገው አስተማሩ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ ወተቱን እያሞቅሁ አዳመጥኋቸው። ሲጨርሱ ብልቃጡን አወጣሁ። ቢጫ! መርሻ ግን ሳቀ። «የፈረንጅ ቀለም ነው፣ አባቴ፤ ውኃም ብትጨምርበት ቢጫ ይሆናል» አለ። ሽማግሌዎቹም በዓይናቸው ተነጋገሩ፤ ዱቄቱን እነሱ በምን ያውቁታል?

እኔም መልካም፣ እንግዲያው ይጠጡልኝ ብዬ ከዚያው ጠርሙስ አንድ ብርጭቆ ቀዳሁለት። ተነሥቶ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠውና ጢሙን ጠረገ። «ይኸው!» አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ነገሩ ያለቀ መሰላቸው። እኔ ሁለተኛውን ጠርሙስ አነሣሁ፣ በዓለምጸሃይ ብርጭቆ ሞላሁና ለሙሉዓለም ሰጠኋት። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ከንፈሯ ሳይነካው መርሻ ዘሎ በጥፊ መታው። ብርጭቆው ከግድግዳ ጋር ተላትሞ ደቀቀ፣ ወተቱ በአባ ካባ ላይ ተረጨ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ መርሻ የቆመበት ቦታ ራሱ ይናገር ነበር። ከዚያው ከሁለተኛው ጠርሙስ ጥቂቱን ዱቄቱ ባለበት ሌላ ብልቃጥ ቀድቼ ለአባ ሰጠኋቸውና በመዳፋቸው ያዙት። ጠበቅን። ጽጌ ታለቅሳለች፣ እሱ ወለሉን ያያል። አባ መዳፋቸውን ሲከፍቱ ወተቱ እንደ ነጣ ነበር። ያን ጊዜ አንቱ ማለቱን ተውሁ። «ይህንን ያፈላሁት እኔ ነኝ። ለልጅ ልጅህ ያፈላሁላትን፣ አንተ ለልጄ አላፈላህላትም» አልሁት። ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ፣ ማፍያው ከተበላሸ ቆይቷል፣ ላሠራው ላሠራው እያልሁ ነው አለ። ልጄ የሞተችው በዚህ ነው፣ ተክላይ። ላሠራው ላሠራው ሲል።

እርቁ ፈረሰ። አባም ታረቂ አላሉኝም፤ ካባቸውን ሰብስበው፣ «በከንቱ የማለ ሰው መጀመሪያ ከጊዮርጊስ ጋር ይታረቅ» ብለው ወጡ። በሳምንቱ የላሟ ሥዕል ከወተት ቤቱ ሰሌዳ ወረደ። የአራዳ ልጅ ታውቀዋለህ፣ ስም ለማውጣት አይሰንፍም፣ «መርሻ ቢጫው» ብለውታል። ድልድዩ ላይ ሲያልፍ «ቢጫው! ቢጫው!» ይሉታል፣ እኔም ሱቄ ደጃፍ ቆሜ እሰማለሁ። አልዋሽህም፣ እንደ መዝሙር ይጥመኛል። የእንጦጦዎቹ ሴቶች ተመልሰው ከድልድዩ ላይ ተቀምጠዋል።

የምትሠራው መድኃኒት በደህናው ሥጋ ውስጥ እንደ ታሰረ አልፎ፣ የሚፈታው የታመመው ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው ብለኸኛል። ይህንን ብዙ አሰብሁበት። እኔም ጽጌን በክፉ አላነሣኋትም፣ ልጅቷንም ያልፈላ አላቀመስኋትም። በቀሌ የደረሰው ለባለቤቱ ብቻ ነው። አሁንም አልማርሁትም፣ የምምረውም አይመስለኝም። ከላይ ከተጠየቅሁ እዚያው እመልሳለሁ።

ከሌን ግን እስከ ዛሬ አላወለቅሁም። ያን ዕለት ሰው ሁሉ ሲወጣ ሙሉዓለም በሩን ይዛ ቀረች። ወተቴስ ብላ አለቀሰች። ካፈላሁት የቀረ ነበርና በሌላ ብርጭቆ ቀዳሁላት። ቆማ ጠጣችው፣ ከዚያም ብርጭቆውን በራሷ ላይ ገልብጣ ሳቀችልኝ። ማን እንዳስተማራት አላውቅም፤ ለካ ልጅ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። እስክትወጣ ድረስ ቻልሁት።

እማማ እግሮችህን ከእርጥበት ጠብቅ፣ ሳትበላም አትውጣ ትልሃለች፣ ጉንጭህን ትስማለች። መብራህቱ ቢሮው ደህና ነው፣ ሰላም በይልኝ ብሎኛል። ጎረቤታችን ወይዘሮ አሰፋች አግብተህ እንዳትመጣ ትላለች፣ ያየችልህ አለች። አብሮህ ላለው ለዘርኡ፣ ለቤትህ ባለቤት ለደጓ ሴትዮም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ዱቄቱ እያለቀ ነውና ጨምረህ ላክ፤ ሕፃን ያላት እናት ሁሉ ጠርሙስ ይዛ ሱቄ ትመጣለች፣ ብብቴም ባዶውን አይውልም። ከእኛ ቤት ሰላምታ ያልላከችልህ ዓለምጸሃይ ብቻ ናት።

እህትህ ትብለጽ
አዲስ አበባ፣ አራዳ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ
ሚያዝያ ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.