ሻዩን እስኪጨርስ

ሂልዳዬ፣

እዚህ ላድሎው ከተማ፣ ጣሪያ የሌለው መድረካችን ላይ ዶፉ ይወርዳል፤ ተመልካቹ ግን ንቅንቅ አላለም! የለንደን ሰው ቢሆን ገና ሲያካፋ ባቡሩን ይዞ ነበር። የዚያ የአራት መቶ ዓመት ትያትራችን መጨረሻ ላይ፣ ሁሉን ለማወቅ ነፍሱን ለዲያብሎስ የሸጠውን ምሁር የሚጫወተው ባርናቢያችን፣ «ጠፋሁ! አለቀልኝ!» እያለ ሲጮኽ እኔ ዲያብሎሱ ልጎትተው ተጠጋሁ። ይኼኔ ከተመልካቹ መሐል አንዲት አሮጊት ፔርሙዛቸውን ይዘው መድረኩ ላይ ዘው አሉ።

«እንካ ልጄ፣ ሻይ ቅመስ። ገና ነው፣ ንስሐ ግባ።» ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «አንተ ቀንዳም! ሻዩን ሳይጨርስ ንካውና ታያታለህ!»

ቀንዴን ደፍቼ ጠበቅሁ። ሳቄ ሊገድለኝ!

ባርናቢ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ስኳር አለው?»

አሮጊቷ ፔርሙዛቸውን ከደኑና፣ «በል ውሰደው!» አሉኝ።

ፖስት ካርዱ ሞላ፤ እናትሽን ሳሚልኝ።

ዲያብሎስሽ ክሪስፒን