የተሰፋችው ልጅ

ውድ እማማ፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ ያለሱ ስለማይጀመር ነው።

ያን ቀን ማንኪያውን ይዘው አይቼዎታለሁ። ልጄ በተወለደች ማግስት አፏ አረፋ በአረፋ ሆነ፤ ነርሷ ቀጭን ጎማ በአፏ ብታስገባ ጉሮሮዋ ላይ ቆመና ተጠቅልሎ ተመለሰ። ራጅ ተነሳች። የምግብ መውረጃዋ መሀል ላይ ተቋርጧል፤ የታችኛው ጫፍ ከአየር ቧንቧዋ ጋር ተያይዟል። «ኦፕራሲዮን እስክትሆን ጠብታ ነገር በአፏ እንዳይገባ!» ተባልን።

እርስዎ ግን እናቷ ስታሸልብ ጠብቀው፣ «በረሃብ ሊገድሏት ነው እንዴ!» እያሉ ወተት አንቆረቆሩላት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አማቴን ምን ብዬ እናገራለሁ ብዬ፣ ይሉኝታ ይዞኝ ፊቴን ወደ ኮሪደሩ አዞርኩ።

ልጅቷ ጠቆረች። ወተቱ ሳንባዋ ገብቶ ኦፕራሲዮኑ ተጓተተ። ነርሷ ባለቤቴ ላይ ጮኸችባት፦ «አንቺ ነሽ ያጠጣሻት!»

«በእግዜር፣ አላጠጣኋትም!»

እርስዎ ዝም። እኔም ዝም። ባለቤቴ ያን ስድብ ተሸክማ ነው አፈር የገባችው። ስጸልይ የእርስዎ ስም ላይ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ከዚያ የራሴ ስም ይከተላል፣ እሱም አይወጣኝም።

ሐኪሙ ሁለቱን ጫፍ ገጥሞ ሰፋው፤ ልጅቷ ዳነች። እርስዎ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄን ለልብስ ሰፊ ብድራት፣ የልጅ ልጄንም አሰፋብኝ» እያሉ ያስቃሉ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ። እየጠላሁዎት።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ልጅቷ እርስዎ ዘንድ ናት። ሰሞኑን ዳቦ ጉሮሮዋ ላይ እየቆመ ታስመልሳለች። ሐኪሙ ድሮውንም አስጠንቅቆን ነበር፤ ስፌቱ ሲሽር ይጠባል፣ ያኔ ማስፋት ያስፈልጋል።

«ዳግመኛ ቢላ አይነካትም! ሾርባዋን ትጠጣ፣ ምን ጎደለባት?» አሉኝ።

«ቢላ የለውም እማማ። አደንዝዘው በአፏ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ነው የጠበበውን የሚያሰፉላት።»

«አንተ ሱሪህን አስፋ!»

ሱሪ አሰፋሁ። የልጄን ቀሚስ ግን ስትከሳ አጠበብኩ፣ ደግሜም አጠበብኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሳጠብብ መርፌውን ሰክቼ ተነሳሁ።

ዛሬ ጠዋት እርስዎ ገበያ ሲወጡ መጥቼ፣ ምንም ሳትቀምስ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ «አራስ ሳለች ሳንባዋን ታማ ነበር። ከምን መጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ እጄን ይዛ ታዳምጣለች።

«አያቷ ወተት አጠጣቻት» አልኩት። «እኔ እያየሁ ዝም አልኩ። እናቷ ንጹሕ ናት።»

ልጄ እጄን ለቀቀችው።

ከማደንዘዣው ስትነቃ ውሃ ሰጧት፤ ሳይቆም ወረደላት። እስካሁን አላናገረችኝም። ልብሷን አይላኩ፤ በልኳ እየሰፋሁላት ነው፣ ሰፋ አድርጌ። ከእንግዲህ የምታድረው እኔ ጋ ነው።

«አሰፋብኝ» ይሉ የለ? አዎ። ዛሬ አሰፋኋት።

የልጅዎ ባል፣
ሰፊው