ሞረድ ያልነካው ምልክት

ሎስ አንጀለስ፣ መጋቢት 1985 እ.ኤ.አ.

ውድ አበጋዝ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ስለሆነ ብቻ ነው። ጤናህን አልጠይቅም፤ ሲያትል ሆነህ ታክሲ እየነዳህ እኔን እንደምታማ ሰምቻለሁ፤ ደህና ነህ ማለት ነው። «ቀለመወርቅ በቅናት ትዳሬን አፈረሰው» ትላለህ አሉ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ እያደረግሁ የምኖር ሰው በአንተ በምንህ እንደምቀና አስበህ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል።

የሆነውን እንደሆነው ልጻፍልህ።

ባለፈው ጥር ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ጠርተኸኝ ለአቶ ኅሩይ ልጅ ለሠናይት ሽማግሌ እንድሆንህ ለመንከኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ምንም መናገር የለብዎትም፣ ፂምዎ ብቻ ይበቃል» አልከኝ። ከጓደኛህ ከግርማ ጋር ሄድን። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። አቶ ኅሩይ «የማን ወገን ነው?» ሲሉ ግርማ ያስጠናኸውን አነበነበ፤ የቡልጋው አርበኛ የቀኝአዝማች አስፋው የልጅ ልጅ፣ በጠላት ጊዜ የጣሊያን መኮንን ገድለው ሽጉጡን የማረኩት። ከዚያም በነጭ ጨርቅ የጠቀለልከውን ስድስት ጎራሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

አቶ ኅሩይ በርሜሉ ላይ ያለውን የጣሊያን ከተማ ስም አንብበው ፊታቸው በራ። ነገር ግን ሞኝ አይደሉም። «አቶ ቀለመወርቅ፣ እርስዎ ብረት ያውቃሉ። ይውሰዱትና ይመርምሩልኝ። ሳምንት ስትመለሱ በእርስዎ ቃል እሺም እምቢም እላለሁ» አሉኝ።

ብረት ማንም አላስተማረኝም። እየፈታሁ እየገጠምኩ፣ መጽሐፍ እያገላበጥኩ ራሴ ነው የተማርኩት። ሰው ሁሉ መሣሪያ ሲያይ «የማን ነበር?» ይላል። እኔ «ማን ሠራው?» እላለሁ። ባለቤት የፈለገውን ያወራል፤ ሠሪ ግን ምልክቱን መትቶ ይሄዳል።

ሽጉጥህ የዘመኑን ጥይት አይጎርስም። ባሩድና አረር ከፊት እየተጠቀጠቀ፣ ከኋላ ትንሽ የመዳብ ቆብ እየተደረገለት የሚተኮስ፣ የአሜሪካኖች የጥንት ሽጉጥ ቅጂ ነው። በጠላት ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ የታጠቀ መኮንን ቢገኝ የገዛ ወታደሮቹ ይስቁበት ነበር። በርሜሉን የያዘውን ሽብልቅ መትቼ አወጣሁና ለያየሁት። ከበርሜሉ ሆድ ሥር፣ መጠቅጠቂያው ዘንግ በሚሸፍነው ቦታ፣ የሠሪው ፊደሎች በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ ተመተዋል። አጠገባቸው ባለኮከብ የፍተሻ ማኅተም አለ፤ ቀጥሎ በትንሽ ሳጥን የዓመቱ ምልክት። በአጉሊ መነጽር እያየሁ ከመጽሐፌ ጋር አመሳከርኩት። ሠሪው ለአሜሪካ ገበያ ቅጂ የሚያወጣ አንድ የጣሊያን ወርክሾፕ ነው። ዓመቱ 1979።

ከጎኑ ደግሞ የሞረድ ቁስል አገኘሁ። «ለጥቁር ባሩድ ብቻ» የሚለውን እንግሊዝኛ ልትፍቅ ሞክረህ የመጨረሻውን ቃል ጭራ አስቀርተሃል። እንግሊዝኛው ያጋልጠኛል ብለህ ፋቅህ፤ ጣሊያንኛውን ምስክር ይሆነኛል ብለህ ተውከው። የጣሊያን ጽሕፈት ያለበት ሁሉ ከጣሊያን የተማረከ ይመስልሃል። እንግዲያው እኔም ቤት የተማረከ መኮረኒ አለኝ።

ደወልኩልህ።

«ኦኬ ጋሼ፣ ስዋፕ ሚት፣ አሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ነው የገዛሁት፣ ሶ? ማን ያውቃል? ዝም ቢሉ ምን ይጎድልብዎታል?» አልከኝ።

«ሂድና ራስህ ንገራቸው።»

«ምን ብዬ?»

«አያትህ ምን እንደነበሩ።»

«አያቴን ከየት ያውቋቸዋል?»

«ከቡልጋ» አልኩህ። ስልኩን ዘጋኸው።

እስከ ቀጠሮው ጠበቅሁህ፤ አልተናገርክም። መኪና ውስጥ ግርማ «ጋሼ፣ የትዳር ነገር ነው፣ ትንሽ ለስለስ ያድርጉት» አለኝ። አላለሰለስኩም። «ዕቃው የጣሊያን ነው፤ ዕድሜው ግን ስድስት ዓመት ነው» አልኳቸው። አቶ ኅሩይ ሽጉጡን ጠቅልለው መለሱልን። ተቀመጡም አላሉን። አንተም በሳምንቱ ሲያትል ገባህ።

የናቅሁህ ግን በሽጉጡ አይደለም። አያትህ ቀኝአዝማች አልነበሩም፤ ቀጥቃጭ ነበሩ። ግርማ አስፋውንና ቡልጋን ሲጠራ ጠርጥሬ ነበር፤ ስልኩን ስትዘጋብኝ አረጋገጥኩ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ቡልጋ ጫካ ውስጥ የጠመንጃዬ መምቻ መርፌ ተሰብሮ መሣሪያዬ ዱላ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ዋሻ ውስጥ ወናፍ እያናፉ፣ ከአሮጌ ሞረድ ስባሪ አዲስ መርፌ አበጅተው ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው። እንደ እኔ ያሉ ስንቱን አስታጥቀዋል። አንተ በርሜሉን እንዴት እንደቧጠጥከው ቢያዩ ሞረዱን ከእጅህ ይነጥቁህ ነበር።

ያን ጠመንጃ ከእጃቸው ተቀብለን ለምሳ ስንቀርብ ለብቻቸው እንዲበሉ እናደርጋቸው ነበር። ቡዳ ናቸው እያልን። እኔም ከዚያ ማዕድ በልቻለሁ፤ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እኔ ያኔ ልጅና ፈሪ ነበርኩ። አንተ ሠላሳ አራት ዓመትህ ነው፤ ያለኸውም አሜሪካ ነው። ምን ያስፈራሃል?

ባለፈው እሑድ ሠናይት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኔ መጣች።

«ጋሼ፣ የሽጉጡን ወሬ ጠግቤዋለሁ። አያቱ ማን ነበሩ?»

ነገርኳት። የማዕዱን ነገር ብቻ ዘለልኩት።

«እኚህን ሰው ደብቆ ነው ያንን ቆርቆሮ የገዛው?»

«አዎ።»

«ደደብ» አለች፤ ከእኔ አፍ የወጣ መሰለኝ። ከዚያ «እስከ ፋሲካ እጠብቀዋለሁ። ራሱ መጥቶ ለአባቴ ይንገር፤ ሰው ልኮ አይደለም። ከተናገረ አባቴ እምቢ ቢሉም እኔ እሺ ነኝ» አለች።

እንዲህ ያለች ልጅ አንተን ምን አድርጋ እንደወደደች አልገባኝም። ግን አደራ ተቀብያለሁና ጻፍኩልህ። አቶ ኅሩይ ቤት ግባ፤ ተቀመጥ ባይሉህም ቆመህ «የቀጥቃጩ የአስፋው የልጅ ልጅ ነኝ» በል። ሽማግሌ ሆኜ ሁለተኛ አልሄድልህም። ነገር ግን ቀኑን አስታውቀኝ፤ በሩ አጠገብ እቆማለሁ። አንተ ስትጨርስ ያን ምሳ እንዴት እንደበላን እኔም ለአቶ ኅሩይና ለልጃቸው እናገራለሁ።

እስክትመጣ የማላከብርህ፣
ቀለመወርቅ ተፈሪ